ልጄ ቤት ውስጥ ሦስት ቋንቋ ይሰማል፤ አንዱን ማቆም አለብን?

የናቲ እናት፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። እኔ የማዋራው በአማርኛ ነው። አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ እሳቸው የሚያዋሩት በሲዳምኛ ነው። እኔና ባለቤቴ ሥራ ስለምንውል ናቲ የሚውለው ከእሳቸው ጋር ነው። ቤት የምታግዘን ልጅ ደግሞ ከወላይታ ነው የመጣችው። ስታስተኛው በወላይትኛ ታንጎራጉርለታለች። ማታ እራት እስኪደርስ የእንግሊዝኛ ካርቱን እንከፍትለታለን።

ናቲ ያወራል፤ ግን ብዙ አይደለም። "አዶ ስጪኝ" ይላል። አዶ በሲዳምኛ ወተት ነው። "ባጃጅ ሄደ" ይላል። "ባባ የለም" ይላል። እንደምታዩት አማርኛውንና ሲዳምኛውን ያቀላቅላል። የጎረቤታችን ልጅ የምትበልጠው በትንሽ ወር ነው። እሷ ግን ውሎዋን ከጠዋት እስከ ማታ ትተርካለች።

በቀደም ሲያስለው ክሊኒክ ወስጄው ነበር። እዚያ ያለች ባለሙያ "ቋንቋ አብዝታችሁበት ግራ ተጋብቷል፤ አንድ ምረጡና ሌላውን ተዉት" አለችኝ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ እናቱን "እማ፣ ከእንግዲህ በአማርኛ ብቻ አዋሪው" አላቸው። እሳቸው አማርኛ ይሰማሉ። ሲናገሩ ግን ቃል ይቸግራቸዋል። አሁን ከልጁ ጋር ዝም ብለው ነው የሚውሉት። ያበሉታል፣ ያጥቡታል፣ ግን አያወሩትም። አንጀቴን ይበሉኛል።

አንዲት ጎረቤት ደግሞ "ምላሱ ታስሮ ነው፤ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ" ትለኛለች።

ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አንዱ ስኪነር ይላል፣ ሌላው ቾምስኪ ይላል። ለእኔ ቤት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳኝ አጣሁ። ለመሆኑ ልጅ አፉን የሚፈታው እንዴት ነው? ናቲን የያዘው የቋንቋ ብዛት ነው? የምታውቁ እባካችሁ።

የሁለት ልጆች አባት፣ አዳማ

እህቴ አይዞሽ። እኛ ቤት እኔ በኦሮምኛ አወራለሁ፣ ባለቤቴ በአማርኛ። ትልቋ ቶሎ አወራች፤ ትንሹ ቆየ። ቤቱ ያው ነው፣ ቋንቋውም ያው ነው። እኔ በምኖርበት ሰፈር አንድ ቋንቋ ብቻ እየሰማ የሚያድግ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ሁሉም ሲያወሩ ነው የማየው። ሳይንሱን ለሚያውቁት ልተው። አያትየውን ግን ዝም አታሰኟቸው።

መምህርት ከአቶቴ

የናቲ እናት፣ እኔ እዚሁ ሐዋሳ ነው ያለሁት። የተማርኩት ቋንቋ ነው፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ግን መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። ጥያቄሽን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ፤ አንዱን ግን ዛሬውኑ አድርጊ። ማታ ቤት ስትገቢ አማትሽን "እንደ ድሮው በሲዳምኛ ያዋሩት" በያቸው።

"አዶ ስጪኝ" ያለ ልጅ ግራ አልተጋባም። የሠራውን ተመልከቺ። ወተቱን አያቱ በሚጠሩበት ስም ጠራው፤ ቀን ወተት የሚሰጡት እሳቸው ናቸውና። ግሱን ከአንቺ ወሰደ። "ስጪኝ" ሲል ሴት እያነጋገረ መሆኑ አለበት፣ የሚሰጠውም ለእሱ መሆኑ አለበት። ስሙን አስቀድሞ ግሱን መጨረሻ ላይ አደረገ፤ አማርኛም ሲዳምኛም የሚሄዱት እንዲሁ ነው። ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ትልቅ ሰውም ከጓደኛው ጋር ሲጫወት እንዲህ ያቀላቅላል። ገበያ ወጥተሽ ስሚ።

አሁን "ስጪኝ" የሚለውን እንዳለ ሸምድዶት ነው ወይስ ክፍሎቹን ራሱ ገጣጥሞት? ሊቃውንቱ የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስኪነር የሚባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1957 ባወጣው መጽሐፍ ንግግርም እንደማንኛውም ጠባይ የሚለመድ ነው አለ። ልጁ አንድ ነገር ይላል፤ ሲሳካለት ይሸለማል፤ ስለዚህ ይደግመዋል። "ወተት" ሲል ወተት ይመጣል፣ እናቱም ደስ ይላታል። ለብዙ ወላጅ ይህ ትክክል ይመስላል። ግን ራስሽን ታዘቢ። ናቲ ባጃጅ አይቶ "መኪና መጣ" ቢልሽ "አይ፣ ባጃጅ ነው" ትይዋለሽ። "ባጃጅ መጣሁ" ቢልሽ ግን "አዎ፣ መጣ" ብለሽ ታልፊያለሽ። የምናርመው እውነቱን ነው፤ ሰዋስዉን አይደለም። ሮጀር ብራውንና ካሚል ሃንሎን በ1970 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ነው ያሳየው። ማንም ሳያርማቸው ልጆቹ ሰዋስዉን ይዘው ያድጋሉ።

የቋንቋ ሊቁ ቾምስኪ በ1959 የስኪነርን መጽሐፍ ክፉኛ ተቸው። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። ልጅ ከዚህ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ሰምቶት የማያውቀውንም ይረዳል። ከአካባቢው የሚያገኘው ንግግር ብቻውን ለዚህ አይበቃውም። ስለዚህ የሰው ልጅ ለቋንቋ የተዘጋጀ ነገር ይዞ ነው የሚወለደው።

እኔ ክፍል ውስጥ ልጆች ጓደኛቸውን ሲጠሩ "ምጣ!" ሲሉ እሰማለሁ። ይህን ከማን ሰሙት? ትልቅ ሰው "ና" ነው የሚለው። ነገር ግን "አትብላ" ሲባል ሰምተዋል፣ "ብላ"ም ሲባል ሰምተዋል። "አትሂድ" ሰምተዋል፣ "ሂድ"ም ሰምተዋል። "አትምጣ" ካለ "ምጣ"ም መኖር አለበት። ሕጉን አግኝተው ቃሉን ራሳቸው ሠሩት። ይህን ሰምቶ ልጁን የሚቆጣ ወላጅ ሳይ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ልጁ እያሰበ ነው። ጂን ቤርኮ በ1958 ያደረገችው ሙከራም በዚሁ ዙሪያ ነው። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የሌለ ፍጡር ሥዕል አሳየቻቸው። "ዋግ" የሚል ከራሷ ያመጣችውን ስም ሰጠችው። ቀጥላ "ሁለት ሲሆኑስ?" አለቻቸው። ልጆቹ ከማንም ሰምተውት የማያውቁትን ቃል በትክክል አበዙት። መኮረጅ ብቻ ቢሆን ይህ አይሆንም ነበር።

ሦስተኛው ወገን የሥነ ልቦና ባለሙያው ማይክል ቶማሴሎና መሰሎቹ ናቸው። እነሱ እንደሚሉት ልጅ ይዞት የሚወለደው ሰዋስው አይደለም። ሰው ምን ሊለው እንደፈለገ የመረዳትና ተመሳሳይ ነገሮችን አሰባስቦ የማየት ችሎታ ነው። መጀመሪያ "ስጪኝ"ን እንዳለ ይይዛታል። ቆይቶ "ስጠኝ"፣ "አምጪልኝ"፣ "ስጪው" ይሰማል። ያኔ ይፈታታቸውና ሌላ ነገር ይሠራባቸዋል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። ልጆቹ ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የሚማሩት። የምጠቁመውን ያያሉ፤ የያዝኩትን ነገር ስም ይጠብቃሉ።

ወደ ሦስቱ ቋንቋ ልምጣ። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በ1984 ባወጡት ጥናት እንግሊዝኛ ብቻ በሚሰማበት ቤት የሚያድጉ ሕፃናት ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ዕድሜያቸው ሰምተውት የማያውቁትን የሂንዲ ድምፅ ይለዩ ነበር። ዓመት ሊሞላቸው ሲል ግን ያ ችሎታ ደከመ። ጆሮ የሚሰማውን እያጠነከረ የማይሰማውን ይለቃል። አማትሽ ሲያወሩ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገው የሚያወጡት "ድ" አለ፤ አማርኛ ውስጥ የለም። ካደጉ በኋላ ሲዳምኛ የተማሩ ጓደኞቼን እስከ ዛሬ ይቸግራቸዋል። ናቲ ግን አያቱ ጭን ላይ ተቀምጦ በነፃ ወስዶታል። ይህን አቁሙ የሚል ምክር ከየት እንደመጣ አይገባኝም። ከአንድ በላይ ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት ያመጣል የሚለውን ጥናቶች አይደግፉትም።

የሚያውቀው ቃል ሲቆጠርለት ደግሞ በሁሉም ቋንቋ ይቆጠርለት። በአማርኛ ብቻ የሚያውቀውን ቃል ከጎረቤት ልጅ ጋር ካስተያየሽው ያንሳል። የአያቱን ጨምሪበት፣ ሌላ ሥዕል ታያለሽ። በዚያ ላይ ልጆች በጣም ይለያያሉ። በሁለት ዓመቱ ከ100 ቃል በታች የሚናገር ጤነኛ ልጅ አለ፤ ከ500 በላይ የሚናገርም አለ።

በጥያቄሽ ውስጥ እኔን ያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያ የአማትሽ ዝምታ ነው። ስኪነርም ቾምስኪም ቶማሴሎም በብዙ ነገር ይጣላሉ፤ ሰው የማያዋራው ልጅ ቋንቋ ይለምዳል የሚል ግን ከመካከላቸው የለም። ቀኑን ሙሉ በቃል እየተቸገሩ ከሚያዋሩት፣ ይባስ ብሎም ከሚተዉት፣ በሚጣፍጥ ሲዳምኛ ተረት ቢነግሩት ይሻላል።

ተማሪው

መምህርት፣ ሰላም ይስጥልኝ። የጻፉትን በደስታ ነው ያነበብኩት። እኔ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተማሪ ነኝ። ብቻ ለቾምስኪ ወገን ያነሱለት ይመስለኛል፤ ቢፈቅዱልኝ ልጨምር።

ኒካራጓ ውስጥ በ1977 ማናጓ ላይ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። መምህራኑ ያተኮሩት ከንፈር ማንበብና ስፓኒሽ ላይ ነበር፤ ልጆቹ ብዙ አልያዙትም። ነገር ግን በመጫወቻ ሜዳውና በትምህርት ቤቱ መኪና ውስጥ ከየቤታቸው ያመጡትን ምልክት እያዋሃዱ በእጃቸው መነጋገር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ የገቡት ትንንሾቹ ይህን ተቀብለው የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ አደረጉት። በ1986 ጁዲ ኬግል የምትባል አሜሪካዊት የቋንቋ ባለሙያ ሄዳ አጠናችው። ያንን ሰዋስው ያስተማራቸው ትልቅ ሰው የለም። ታዲያ ከልጆቹ ውስጥ ካልሆነ ከየት መጣ?

ሁለተኛው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ኤሪክ ሌነበርግ በ1967 ለአፍ መፍቻ ቋንቋ የተወሰነ ጊዜ አለ፤ ካለፈ ይከብዳል አለ። በ1970 በሎስ አንጀለስ አካባቢ የተገኘች፣ በጥናቶች ጂኒ ተብላ የምትጠራ ልጅ አለች። እስከ 13 ዓመቷ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባት፣ ሰው ሳያዋራት ነው የኖረችው። ከወጣች በኋላ ብዙ ቃል ለመደች፤ ሰዋስዉ ግን ሙሉ ሆኖ አልመጣላትም። መኮረጅና ሽልማት ብቻ ቢሆን ዕድሜ ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም ነበር። ናቲ ግን ገና ለጋ ነው፤ ይህ ለእናቱ ጥሩ ዜና ነው።

መምህርት ከአቶቴ

ልጄ፣ ተባረክ፤ ጥሩ አድርገህ አምጥተኸዋል። የኒካራጓውን ነገር እኔም ባነበብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። ነገር ግን አንድ ነገር እይልኝ። እነዚያ ልጆች በየቤታቸው ለብቻቸው ሳሉ ያ ቋንቋ አልተወለደም። ሲሰበሰቡ፣ የሚያወሩት ሰው ሲያገኙ ነው የመጣው። ልጅ ውስጥ የሆነ ነገር አለ የሚለውን እቀበላለሁ። ያ ነገር ሰዋስው ራሱ ነው የሚለውን ነው ገና ያላመንኩት። የጂኒም ታሪክ ንጹሕ ማስረጃ አይሆንልህም። ያቺ ልጅ የተነፈገችው ቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ ምግብ፣ ፍቅር፣ መንቀሳቀስም ጭምር ነው። የጎደለው ከየትኛው እንደመጣ መለየት አይቻልም።

ደግሞ ከ1996ቱ የጄኒ ሳፍራን፣ የሪቻርድ አስሊንና የኤሊሳ ኒውፖርት ሙከራ ጋር አስተያየው። ስምንት ወር የሆናቸውን ሕፃናት ትርጉም የሌለው፣ ማቋረጫም የሌለው የክፍለ ቃላት (የድምፅ ቁርጥራጮች) ድርድር ለሁለት ደቂቃ ብቻ አሰሟቸው። ሕፃናቱ የትኛው ቁራጭ የትኛውን ተከትሎ እንደሚመጣ ይዘው፣ ሁልጊዜ አብረው የሚመጡትን "ቃሎች" አልፎ አልፎ ብቻ ከሚገጣጠሙት ለዩ። ሁለት ደቂቃ! ልጅ የሚሰማው ንግግር አይበቃውም ከማለታችን በፊት ከሚሰማው ምን ያህል ማውጣት እንደሚችል መመርመር ነበረብን።

ይህን ሳነሳ ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አንዳንድ እናቶች "እኔ እንደ ፊልሞቹ ድምፄን አቅጥኜ፣ ቃሉን አሳጥሬ አላዋራውም፤ በድዬው ይሆን?" ይሉኛል። ኤሊኖር ኦክስና ባምቢ ሺፈሊን በሳሞአና በፓፑዋ ኒው ጊኒ በካሉሊ ሕዝብ ዘንድ ያዩት አለ። የካሉሊ እናት ሕፃኑን ወደ ሰው አዙራ ትይዘዋለች፤ እሱን ወክላ ከሌሎች ጋር ታወራለታለች እንጂ እንደ አሜሪካኖቹ ፊት ለፊት አታቆላምጠውም። ልጆቹ ግን በደንብ ይናገራሉ። እዚህም ቡና ሲፈላ በትልቅ ሰው ወሬ መሃል የሚያድገው ልጅ ብዙ ነው። መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም።

ነርስ፣ ታቦር

ስለ ንድፈ ሐሳቡ አልገባም፤ እኔ የምጽፈው ስለ ጤናው ነው።

አንደኛ፣ ምላሱን እንዳታስቆርጪ። ምላስ ከሥሩ የተያዘ ሕፃን አለ፤ ጡት ለመጥባት ሊቸገር ይችላል፣ አንዳንድ ድምፅም ሊከብደው ይችላል። ነገር ግን ልጅ ቃል እንዳይማር፣ ዓረፍተ ነገር እንዳይሠራ አያደርግም። ልጅሽ "አዶ ስጪኝ" እያለ ነው። ቤት ውስጥ በምላጭ የሚቆረጥ ልጅ ደም ይፈሰዋል፣ ይመረቅዛል፣ ለቲታነስም ይጋለጣል። ከሐኪም ውጪ ማንም አፉን አይንካው።

ሁለተኛ፣ ጆሮውን አስመርምሪ። ጉንፋን የሚደጋግመው ልጅ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ሊቋጥር ይችላል። ያኔ ይሰማል፣ ግን እንደ ታፈነ ሆኖ ነው የሚሰማው። ሲያስለው ነበር ብለሻል፤ ስለዚህ ይታይ። ከጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ጋር መገናኘት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ መረዳቱን ፈትኚ። በእጅሽም በዓይንሽም ሳትጠቁሚ "ጫማህን አምጣ" በይው። አያቱም በሲዳምኛ ሌላ ነገር ይዘዙት። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? የፈለገውን በጣቱ ያሳያል? ሁለት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል በራሱ የማያገናኝ፣ የሚባለውን የማይረዳ፣ ወይም ይናገራቸው የነበሩ ቃሎች የጠፉበት ልጅ ካለ ግን ቋንቋ በዝቶበት ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ቶሎ ሐኪም ይየው።

የናቲ እናት፣ ሐዋሳ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህርት፣ የጻፉትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ራሱ ሄዶ እናቱን ይቅርታ ጠየቃቸው። እሳቸው ምንም አላሉም፤ ልጁን አቅፈው ወደ ጓሮ ይዘውት ወጡ፣ ወዲያው ወሬ ጀመሩ። ምን እንዳሉት ግማሹ አልገባኝም።

ጫማውን አመጣ። አያቱ ያዘዙትን ጭልፋም አመጣ። ጆሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ተይዞለታል።

የቀሩኝ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ካርቱኑ እንግሊዝኛ ያስለምደዋል? ትምህርት ቤትስ ሲደርስ በአማርኛ ነው ወይስ በሲዳምኛ ላስገባው? ወላይትኛውንም አልረሳሁትም፤ ልጅቷ "እኔም ላቁም?" ብላ ጠየቀችኝ።

መምህርት ከአቶቴ

ለልጅቷ "አታቁሚ፣ ጨምሪለት" በያት። ለማስተኛ ብቻ የሚሰማው ከሆነ ወላይትኛ ተናጋሪ ላይሆን ይችላል። ስታለብሰውና ስታበላው በዚያው ብታወራለት ግን ይገባዋል።

ስለ ካርቱኑ፣ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ በ2003 ያወጡት ጥናት አለ። ዘጠኝ ወር ገደማ የሆናቸው አሜሪካውያን ሕፃናት ነበሩ። ለአንዳንዶቹ ቻይንኛ የሚናገር ሰው አብሯቸው ተቀምጦ መጽሐፍ አነበበላቸው፣ በአሻንጉሊት አጫወታቸው። ለሌሎቹ ያንኑ ሰው በቴሌቪዥን አሳዩአቸው። ሰው ያጫወታቸው የቻይንኛውን ድምፅ ለዩ። ቴሌቪዥን ያዩት ምንም አልያዙም። ናቲ ከሕፃን አልፏል፤ አንዳንድ ቃል ሊለቅም ይችላል። ቋንቋ ግን ከዚያ አይለምድም። እራት እስኪደርስ አባቱ አብሮት ቁጭ ብሎ "ይሄ ማነው? የት ሄደ?" ቢለው ወይም ካርቱኑን ዘግቶ ሽንኩርት ስትልጪ አጠገብሽ ቢያስቀምጠው እመርጣለሁ።

ትምህርት ቤቱን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ውስጥ ሁለቱም አለ። የእኔ ምክር፣ ለቤታችሁ የሚቀርበውንና ጥሩ መምህር ያለውን ምረጡ። በትምህርት ቤት የማያገኘውን ቋንቋ ደግሞ ቤት አጠንክሩለት። አማርኛ ከገባ አያቱ ተረታቸውን፣ የፊቼ ጫምባላላን ወግ፣ ቆጠራውን ሁሉ በሲዳምኛ ይንገሩት። ሲዳምኛ ከገባ አንቺ የአማርኛ መጽሐፍ እያነበብሽለት የአማርኛውን ፊደል ከአንቺ ይልመድ። ስትመዘግቢው ለመምህሩ የትኛውን ቋንቋ ከማን ጋር እንደሚያወራ ጽፈሽ ስጪ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክፍል ውስጥ ዝም ሊል ይችላል፤ መምህሩ አያውቅም ብሎ እንዳይተወው።

የጆሮውን ውጤት እዚሁ ጻፊልን።